ጫት ሳይገዛ የወረደው ተሳፋሪ

የሚያጠራጥር ነገር ያየ ሰው ወዲያውኑ ይናገር ይባላል። በሬዲዮ ይባላል፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይነበባል፣ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ይመከራል። ጥሩ ምክር ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ ማስታወቂያው ሁልጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። ተናገር ይልሃል፤ ከተናገርክ በኋላ ቤትህ ምን ይዘህ እንደምትገባ አይነግርህም። የጠረጠርከው እውነት ከሆነ እሰየው፣ ጀግና ነህ። ስሕተት ከሆነስ? ሻንጣው ውስጥ የተገኘው ቦምብ ሳይሆን የሰው ክብር ቢሆንስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ቀለም ያለቀበት ይመስል ወረቀቱ ባዶ ነው።

ባለቤቴ ጌታሁን፣ ነፍሱን ይማርና፣ በዚህ ነገር ላይ የራሱ አስተያየት ነበረው። አንድ ጠዋት ሬዲዮ ስንሰማ፣ ባሕር ማዶ በሆነ አገር፣ መንገደኛ በቅን ልቡ የጠረጠረውን ቢናገርና ነገሩ ሳይሆን ቢቀር እንኳ እንዳይከሰስ የሚከላከል ሕግ አለ ሲሉ ሰማን። ጌታሁን ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር፤ እጁ አዝራሩ ላይ ቀረ። "ሰማሽ አልሜ? እነሱ በስብሰባ ያገኙትን እኔ በጥፍሬ ነው ያገኘሁት" አለና ሳቀ።

ምን ማለቱ እንደነበር ልንገራችሁ። እሱ ቢኖር እሱ ነበር የሚነግራችሁ። ሲያወራ እኔ ከጎን ሆኜ አርመው ነበር፤ አሁን እኔን የሚያርመኝ ስለሌለ ተጠንቅቄ ነው የምጽፈው።

እኛ ወደ ጅቡቲ የመጣነው አሰብ ሲዘጋብን ነው። ድንበሩ በጦርነት ሲታጠር የወደብ ሰው ሁሉ ሌላ ወደብ ፍለጋ ወደዚህ ፈሰሰ፤ ጌታሁን ትራንዚተር፣ የወደብ ዕቃ አስተላላፊ፣ ነበርና ዕቃው በሄደበት ሄደ፣ እኔም እሱ በሄደበት ሄድኩ። አሰብ ትተነው የመጣነውን ቤት፣ ምድጃው ላይ የቀረውን ድስት ሳይቀር፣ ዛሬም አያለሁ። ስለዚህ ባልባላ፣ ዋራበሌ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራይተን፣ ቀስ በቀስ አልጋውም መጋረጃውም ቦታ ቦታውን ሲይዝ፣ "ከዚህ በኋላ ከቤቴ የሚያስነሳኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው" ብዬ ተናገርኩ። እግዚአብሔርና የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነበረብኝ።

ነገሩ የሆነው መሐል ከተማ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሁሉ በደነገጠበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ሰው ሻይ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጠረጴዛ ሥር ነበር የሚያየው። የእኛ ፈቃድ እድሳት ላይ ስለነበር እኔና ጌታሁን ለእሱ የሚሆን ፎቶግራፍ ልንነሳ መሐል ከተማ ወዳለው ሜኔሊክ አደባባይ በሚኒባስ እየሄድን ነበር። ጌታሁን ለፎቶው ብሎ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሷል። በጅቡቲ ሙቀት፣ በቀትር፣ ወፍራም ኮት! ልብ በሉልኝ፤ በዚያ መኪና ውስጥ አለባበሱ የሚያጠራጥር ሰው ቢፈለግ መጀመሪያ መያዝ የነበረበት የእኔው ባል ነው።

ጅቡቲን ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። እዚህ ቀን ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ጫት ከመግባቱ በፊትና ጫት ከገባ በኋላ። ጫቱ ከእኛው አገር ተጭኖ ይመጣል፤ የሚያከፋፍለው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲደርስ ሾፌር መሪውን፣ ጸሐፊ መዝገቡን፣ ተጣዪ ጠቡን ትቶ ይሄዳል። ያን ቀንም ገና ከባልባላ ወጣ ከማለታችን ጥሩምባው ተሰማ። ሾፌሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ጥግ ያዘና ወረደ። ወያላው ወረደ። ወንዶቹ ወረዱ፣ ሴቶቹም ለየባሎቻቸው ሊገዙ ወረዱ። በእርጥብ ጆንያ የተሸፈነው ጫት የሻጮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ አካባቢው የሠርግ ቤት መሰለ።

መኪናው ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ጌታሁንና ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ወጣት ብቻ ነበርን። እኛ የማንቅም ሐበሾች ነን፤ ይታወቃል፣ ይታለፋል። ወጣቱ ግን የአገሩ ልጅ ነው። የአገሩ ልጅ፣ ጎረምሳ፣ ጤነኛ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከጫት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ዓይኑን ጨፍኗል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንገቱ በላብ ርሷል። በእግሮቹ መሐል ሆዱ የተነፋ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ይዟል።

ጌታሁን ክንዴን ያዘኝ።

"አየሽው?"

"ምኑን?"

"አይገዛም።"

"ገንዘብ አጥቶ ይሆናላ።"

"ገንዘብ ያጣ ሰው ያያል እኮ። ይሄ አያይም።"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ወጣቱ ብድግ አለ። ሁሉም በወረደበት በር አልወረደም፤ ወደ ፊት ተንጠራርቶ፣ ከጫቱ በተቃራኒ ባለው በሾፌሩ በር ሾልኮ ወጣ። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አለ፤ ከዚያ ሮጠና አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባ። ሻንጣው ቀረ።

እስቲ በእኛ ቦታ ሁኑ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሻንጣ አተኩሬ ያየሁት ነገር የለም። ዚፑ መሐል ላይ ትንሽ ተከፍቶ ገመድ ይታያል። "እንውረድና እንሂድ፤ አላየንም" አልኩት። ጌታሁን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ሰዎቹ እሽጋቸውን በብብታቸው ይዘው እየተሳሳቁ ሊመለሱ ነው። ልጅ ያዘለች ሴት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋለች።

ጌታሁን ተነሣና በሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። "እንዳትገቡ! ሻንጣ ጥሎ የሮጠ ሰው አለ! ራቁ!" ብሎ በሶማሊኛ ጮኸ። የእሱ ሶማሊኛ የወደብ ሶማሊኛ ነው፤ ለማስጫንና ለማስወረድ የተማረው። ያን ቀን ግን አልተንተባተበም።

ዣንዳርሞች፣ የአገሩ ፖሊሶች፣ መጡ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሰው ሁሉ ሩቅ ተገፍቶ ቆመ። ቦምብ የሚያመክን ባለሙያ እስኪመጣ ፀሐይ ከአናታችን አልነቃነቅ አለች፤ የሚያወራ አልነበረም፣ የተገዛውን ጫት እንኳ አፉ የሚያደርግ የለም። በመጨረሻ የመጣው ባለሙያ የዚህ አገር ሰው አልነበረም፤ ፈረንጅ ነው። ይህን ልብ በሉ። ሻንጣው ውስጥ ያለውን ነገር ከሩቅ ሲያይ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሩቅ እንዲቆም ተደርጓል፤ አጠገቡ የቆመው የማያውቀው ብቻ ነው። ሰውዬው ተንበረከከ፣ ዚፑን በዝግታ ከፈተ። ውስጡ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ላይ ገመድ የተተበተበ ክብ ነገር ነበር። ብዙ አየው። ቢላውን አወጣ። ቆረጠው።

የፈነዳ ነገር የለም። ቅቤ ነበር የፈሰሰው።

ሽታው እኛ ጋ ሲደርስ አንዲት ጫት ሻጭ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና "ሔዶ! ሔዶ ነው! ቆረጡት!" ብላ ጮኸች። ከዚያ የመጣው ዝምታ ቦምብ ስንጠብቅ ከነበረው ዝምታ ይብሳል።

ሔዶ ማለት የሙሽራ እናት ከሠርጉ በኋላ ወደ ሙሽሮቹ ቤት የምትልከው ስጦታ ነው። ተከትፎ በቅቤ የተጠበሰ ሥጋ፣ ላዩ ላይ የተፈጨ ቴምር፣ በዕቃ ተከድኖ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ መጎናጸፊያ ደርቦ፣ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ በገመድ ይታሰራል። የአስተሳሰሩን ምሥጢር እናትየዋ ብቻ ታውቃለች። ከሙሽራው ወገን አንድ ሰው ተመርጦ ሴቶች በተሰበሰቡበት ይፈታል። ይፈታል እንጂ አይቆረጥም። ሔዶ ላይ ስለት ማሳረፍ ሙሽራይቱ ላይ ስለት እንደማሳረፍ ነው።

ወጣቱ ፊቱን ታጥቦ፣ ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ተመልሶ መጣ። ስሙ ዋይስ ነው፤ የሙሽራይቱ ወንድም። እናቱ ሔዶውን ስታስይዘው፣ የጫት ነገር የተላከበትን ዕቃ ሁሉ እንደሚያስረሳው ታውቃለችና፣ እህቱ ቤት አድርሶ እስኪመለስ ቅጠል እንዳይነካ አስምላዋለች። እሱም መሐላው እንዳይፈርስበት ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ ሽታው ሲያሸንፈው ከፈተናው ሸሽቶ ወደ መስጊድ ቧንቧ ሮጧል። ዕቃው እንዳይረሳ የተገባው መሐላ ዕቃውን አስረሳው።

ዋይስ መሬት ላይ የፈሰሰውን አየ። "ማነው የተናገረው?" አለ። ቀስ በቀስ ዓይን ሁሉ ወደ ባለከረባቱ ሐበሻ ዞረ።

ያን ቀን ፎቶግራፍ አልተነሣንም።

ቤተሰቡ ፈረንጁን መክሰስ አይችልም፤ ዣንዳርሙን መክሰስ አያዋጣም። የሚቀረው ጌታሁን ነው። የሙሽራይቱ አጎት አዴር ፋራህ፣ ቁጡ ሰው ነው፣ "ልጃችንን በአደባባይ ቦምብ አጥማጅ አለው፣ ሔዶአችንን አስቆረጠው፣ ቤታችንን አዋረደው" ብሎ አቤቱታ አስገባ። ጌታሁን ተጠርቶ ሄደ። የጠራው መኮንን ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠው፣ ውኃ ሰጠው፣ ከዚያ እንዲህ አለው፦ "አንተ የውጭ ዜጋ ነህ። ክስ ካለብህ ፈቃድህ መታደሱን እንጃ። ከቤተሰቡ ጋር ታረቅና አቤቱታውን ያንሱልህ።"

"ተናገሩ ስትሉ አልነበር?"

"ልክ ነህ፤ እናመሰግናለን።"

"ምስጋናውን በወረቀት ብትሰጡኝስ?"

መኮንኑ ሳቀ። "ለምስጋና ማኅተም የለንም" አለው።

እንግዲህ ይኸው ነው። ፈቃዱ ካልታደሰ መውጣት ነው፤ እንደ አሰቡ፣ ድስት ምድጃ ላይ ትቶ። ያን ሳምንት ቤታችን የመጣ የወደብ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር ሰጠ፦ ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ሰይጣን አሳሳተኝ በል፣ ምንም አላየሁም በል፣ ሁለተኛ አይለምደኝም በል። እኔም ለመንኩት። "አሰብን አስታውስ" አልኩት። ጌታሁን ኮቱን መስቀያው ላይ ሰቅሎ ቆሞ ያየዋል። አዲስ አቧራ ነበረበት፤ አላራገፈውም።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት እዚያው ዋራበሌ፣ በሙሽራይቱ እናት ደጅ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እናትየዋን ሰፈሩ ሆዮ ኻድራ ይላታል፤ ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ነች፤ ወንዶቹ ሲናገሩ በር ላይ ተደግፋ ትሰማለች። አዴር ፋራህ ተናገረ፣ ደገመ፣ ጭኑን እየመታ ሠለሰ። ዋይስ አንገቱን ደፍቷል። ጌታሁን ምንጣፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል፤ አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ መቀደዱን ያኔ አይቼ፣ በዚያ ጭንቀት መሐል፣ አፈርኩ።

ሆዮ ኻድራ በድንገት ተናገረች።

"ሐበሻው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ነገ ይኸው ልጄ፣ እንደዚያው ሻንጣ ጥሎ ሲሮጥ ብታይ፣ ዝም ትላለህ?"

ባሌ ዲዳ እንዲሆን የተመኘሁበት ቀን ያ ብቻ ነው።

"ዝም አልልም፣ እናቴ" አለ። "እጮሃለሁ። ከዚያ ደግሞ መጥቼ እዚህ ምንጣፍ ላይ እቀመጣለሁ።"

"ሰማችሁ!" አዴር ፋራህ ብድግ አለ። "አይጸጸትም እኮ! ይውጣ ከአገራችን!"

"ተቀመጥ፣ ፋራህ" አለች። ተቀመጠ። "ዋይስ ታጥቦ ሲመለስ የሚሳፈረው እዚያው መኪና ላይ ነበር። ሌላ ክፉ ሰው ሌላ ሻንጣ ትቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው የእኔን ልጅ ነበር የሚያተርፍልኝ። ግን ሔዶዬ ተቆርጧል፤ ዝም ብዬ አልተወውም። ሌላ አስራለሁ። የሚፈታው እሱ ነው። ከፈታው አቤቱታው ይነሣል። ካቃተው፣ ወይም ስለት ከነካው፣ ፋራህ እንደወደደ ያድርግ።"

የሙሽራው ወገኖች ተጠየቁ፤ በሳቅ ፈቀዱ። ለእነሱ ጨዋታ ነው። እኔ ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መቀሱን መደበቅ ነው፤ ጌታሁን ጥፍሩን መቁረጥ ይወድ ነበርና፣ ጥፍር የሌለው ጣት ቋጠሮ እንዴት ይይዛል?

በቀጠሮው ቀን ሙሽሮቹ ቤት ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ ሲሳሳት የሚነኩበትን ቀጭን አርጩሜ ይዘዋል። ሔዶው መሐል ላይ ቆሟል፤ ነጭ ለብሶ፣ ቀይ መጎናጸፊያ ደርቦ፣ በእውነትም ሙሽራ መስሎ። ጌታሁን ሦስት ጊዜ ዞረው። አንድ ገመድ አገኘና ሳበው፤ ወደ ውስጥ ጠበቀ። አርጩሜው ትከሻው ላይ አረፈ። "ጩኸት ብቻ ነው እንጂ እጁ የታለ!" አለች አንዷ፤ ሳቁ ፈነዳ። ሌላ ገመድ ሳበ፤ ያም ጠበቀ። አዴር ፋራህ በር ላይ ቆሞ እጁን አጣምሮ ያያል። የጌታሁን ጀርባ ላይ ላቡ ካርታ ሠራ። እኔ በልቤ መጋረጃዬን ማውረድ፣ አልጋዬን መፍታት ጀምሬአለሁ።

ከዚያ ጌታሁን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተንበርክኮ ጆሮውን ሔዶው ላይ ለጠፈ።

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሆዮ ኻድራ ግን ሳትስቅ "ምን ይልሃል?" አለችው።

"ዝም ይላል" አለ። "እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ዝም የሚል ነገር ነው።"

ቀና ብሎ አያት። የገመዱ ጫፍ በየትም ካልታየ ያለው ባልታየው ቦታ ነው፤ ያልታየው ቀይ መጎናጸፊያው ሥር ነው። እጁን ሰደደ፤ ከዚያ መልሶ ሰበሰበው።

"እናቴ፣ መጎናጸፊያዋን ልግለጥ? ፈቃድሽ ነው?"

አርጩሜ የያዘችው ሴት አርጩሜዋን ጭኗ ላይ አስተኛች።

"ግለጥ" አለች ሆዮ ኻድራ። "ብዙ ወንድ ሳይጠይቅ ነው እጁን የሚሰደው፤ ለእነሱ ጫፉን እዚያ አልተውም።"

ጫፉ እዚያ ነበር። ጌታሁን በጥፍሩ ያዘው፣ ሳበው፤ ገመዱ ከላይ እስከ ታች እንደ ሹራብ ክር ተተረተረ። እልልታው ጆሮዬን ደፈነው። የማለቅሰው እኔ ብቻ መሰለኝ፤ ዋይስም ያለቅስ ነበር።

"በል ፋራህ" አለች ሆዮ ኻድራ። "ሔዶዬን የፈታ ሰው የሙሽራው ወገን ነው። አማችህን ትከሳለህ?"

"ያ ፈረንጅ ቢፈታው ኖሮ እሱንም ልንዛመደው ነበር?" አለ አዴር ፋራህ። አቤቱታውን ግን በማግሥቱ አነሣ፤ ፈቃዳችንም ታደሰ። ፎቶው ላይ ጌታሁን ከረባት አላደረገም። "ሁለተኛ አልለብሰውም፤ ያጠራጥራል" ብሎ።

ሕጉ ይኸው ነበር። የተጻፈበት ቦታ የለም።

ጌታሁን ያረፈው በሐምሌ ሙቀት ነው፤ ልቡ ነው ያሉት። ለቅሶ ላይ ሆዮ ኻድራ መጣች፤ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። ከዚያ ለራሷ የምትናገር መስላ፣ "እንግዲህ ማን ይጠርጥረን?" አለች። የመጣው ሰው ሁሉ ብዙ ብሎኛል፤ ሌላውን ረስቼዋለሁ።

አሁንም በዚያው ሚኒባስ ነው የምመላለሰው። ጫት ሲገባ ሁሉም ይወርዳል፤ እኔ እቀራለሁ፣ ዓይኔ በየወንበሩ ሥር ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ከኋላዬ አንድ ዘንቢል ብቻውን አየሁ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ። ባለቤት የለውም። ለራሴ ዝም በይ አልኩ፤ ብቻሽን ነሽ፣ የሚፈታልሽ የለም አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ በሩ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፣ በዚያ በማይረባ ሶማሊኛዬ ጮኽኩ።

ሽንኩርት ነበር። ባለቤቲቱም እስካሁን አልከሰሰችኝም።